አለቃ ሲቀልድ የሚስቀው ማነው?

ስለ «ሊደርሺፕ» በሚሰጥ ሥልጠና ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ምክር ሳይሰማ አይወጣም፦ «ስብሰባችሁን በቀልድ ጀምሩ።» ምክሩ በቴሌግራም ይዞራል። በአጫጭር ቪዲዮዎች ይደጋገማል። ደሴ ላይ የቢሮ ኃላፊዎች፣ ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ሱፐርቫይዘሮች ይሰሙታል። በማግሥቱ ለዓመታት ፊቱን ቋጥሮ የኖረ አለቃ ድንገት ቀልድ ጣል ያደርጋል። ሠራተኛው እርስ በርሱ ይተያያል። ከዚያ ሁሉም ይስቃል።

ያ ሳቅ የምን ሳቅ ነው? ቀልዱ ስላሳቀ ነው? አለቃው ስለቀለደ ነው? ወይስ አለመሳቅ ስለሚያስፈራ?

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንደኛው ወገን «የሚቀልድ አለቃ ይናቃል» ይላል። ተረትም አያጣም፤ «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ይባላል። ሁለተኛው ወገን ኮስታራ አለቃ ዘመኑ ያለፈበት ነው ባይ ነው። ሠራተኛ የሚሠራው ሲወድ እንጂ ሲፈራ አይደለም ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ግን ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አለቃው ቀልድ ብቻ ነው። ስለ ሠራተኛው ቀልድ የሚያነሳ የለም። የነገሩ ቁልፍ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ምክሩ ከየት መጣ?

«ሊደርሺፕ» መሪነት ነው። አሠልጣኞች ከ«ማኔጅመንት»፣ ማለትም ከሥራ አስተዳደር፣ ለይተው ያዩታል። አስተዳዳሪ ሥራን ያስኬዳል፤ መሪ ሰውን ያስከትላል ይላሉ። «ቲም ቢልዲንግ» ደግሞ የቡድን ግንባታ ነው፤ ሠራተኞች ከዕለት ሥራቸው ወጣ ብለው እንዲቀራረቡ የሚዘጋጅ ጊዜ። እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ወደ ሐይቅ ወርዶ፣ ዓሣ በልቶ፣ ገመድ ተጓትቶ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ነው።

ሁለቱም ሐሳቦች በአብዛኛው የተቀመሩት አለቃና ሠራተኛ በመጠሪያ ስም በሚጠራሩበት አገር ነው። እዚያ አጥሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀልድ በቀላሉ ይሻገረዋል። እዚህ አጥሩ ሰዋስው ውስጥ ገብቷል። «አንተ» አለ፣ «እርስዎ» አለ። «ጋሼ» አለ፣ «እትዬ» አለ። «ኢንጂነር» እና «ዶክተር» አለ። እስቲ ማንም ሰው አለቃውን በ«እርስዎ» ለመተረብ ይሞክር። ግሡ ራሱ እንቢ ይላል። አለቃው ግን በ«አንተ» እና በ«አንቺ» ቁልቁል እንዳሻው መተረብ ይችላል። ስለዚህ «ቀልድ» የሚለው ያው ምክር እዚህ ሲደርስ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው መንገድ ይሆናል።

ሳቅ ራሱ ምን ይሠራል?

ሳቅ ለቀልድ የሚሰጥ መልስ ይመስለናል። ብዙውን ጊዜ ግን አይደለም። ሮበርት ፕሮቫይን የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦናና የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው በየመንገዱና በየገበያው ሰዎች ሲያወሩ የሚስቁትን ሳቅ መዘገቡ። 1,200 ያህል አጋጣሚ ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ውጤት አስገራሚ ነበር። ከሳቁ በፊት ከተባለው ነገር ቀልድ የሚመስለው ቢበዛ ከ20 በመቶ አይበልጥም። ሌላው «በል ቻው»፣ «እሱ መጣ እኮ» ዓይነት ተራ ወሬ ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን ከሚስቀው ይልቅ ከሰው ጋር ሲሆን 30 እጥፍ ያህል ይስቃልም ብለዋል።

እንግዲህ ሳቅ ከቀልድ ይልቅ የግንኙነት ምልክት ነው ማለት ነው። «አብረን ነን» ማለት ነው። «አትፍራኝ» ማለትም ነው። የኦክስፎርዱ ሮቢን ደንባር እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ሥራ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ያለውን ነገር ይነካል። አብረው ከልብ የሳቁ ሰዎች ሕመም የመቻል አቅማቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ይህን ከኢንዶርፊን ጋር ያያይዙታል። ኢንዶርፊን አእምሮ የሚያመነጨው ሕመም የሚያስታግስና ደስ የሚያሰኝ ንጥረ ነገር ነው። አብሮ መሳቅ ለምን እንደሚያቀራርብ በከፊል የሚያስረዳው ይህ ሊሆን ይችላል።

ልብ በሉ፣ የተባለው «ከልብ» ነው። ከጥርስ የሚወጣ ሳቅ ይህን አያደርግም። አማርኛ ይህን ልዩነት ድሮ ያውቀዋል። «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል።

ቀልድ፣ ተረብ፣ አሽሙር፣ ሙድ

የሥልጠና ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ «ቀልድ» ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። እዚህ ላይ ቋንቋችን ከሥልጠናው የበለጠ ያውቃል። «ጨዋታ» ሁሉም የሚሳተፍበት ነው። «ተረብ» ሰው ላይ ያነጣጥራል፤ ግን መልስ ይጠብቃል፤ የተተረበው መልሶ ካልተረበ ጨዋታው አልሞላም። «አሽሙር» እና «ሽሙጥ» ፊት ለፊት የማይባለውን በጎን መውጋት ነው። «ቧልት» ቁም ነገሩን ያረክሳል። «ለበጣ» ከሳቁ በስተጀርባ ንቀት ያለበት ነው። የከተማው ልጅ ደግሞ «ሙድ መያዝ» ይላል። ሙድ የተያዘበት ሰው መሳቂያ ሆኗል፤ አብሮ ቢስቅም እንኳ ተጫዋች አይደለም።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮድ ማርቲን እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 የሰዎችን የቀልድ ልማድ በአራት ከፍለው የሚለካ መጠይቅ አወጡ። አንዱ ሰውን የሚያቀራርብ ነው። አንዱ ሰው በችግር ጊዜ ራሱን የሚያጽናናበት ነው። ሦስተኛው ሌላውን የሚያጠቃ ነው። አራተኛው ሰው ሌሎችን ለማስደሰት ብሎ ራሱን የሚያዋርድበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከመልካም ስሜት ጋር፣ የኋለኞቹ ከጉዳት ጋር አብረው ይታያሉ።

ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው። ግን አንድ ነገር ያመልጠዋል። የያው ቃል፣ የያው ድምፅ፣ የያው ፈገግታ ትርጉም የሚወሰነው ከማን ወደ ማን እንደሄደ በማየት ነው። ሁለት ባልደረቦች «አንተ ዛሬም አረፈድክ፣ ሐረጎ ላይ ነው እንዴ ያደርከው?» ቢባባሉ ተረብ ነው። (ሐረጎ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ዳገት ነው።) ሱፐርቫይዘሩ ለአዲስ ተቀጣሪ፣ በሰው ፊት፣ የሙከራ ጊዜዋን ሳትጨርስ ይህንኑ ቢላት ማስጠንቀቂያ ነው። መልሳ መተረብ አትችልም። መልስ የማይቻልበት ተረብ ደግሞ ተረብነቱ ቀርቷል።

እንደ ቦርከና ቁልቁል

ቦርከና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። የመሥሪያ ቤት ቀልድም እንዲሁ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሮዝ ኮሰር የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በአንድ የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የሠራተኞች ስብሰባ ላይ እየተቀመጡ ማን ምን ቀልድ እንደተናገረ፣ በማን ላይ እንደተናገረ መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ጽሑፍ ሁለት ነገር ታየ። አንደኛ፣ ብዙ የሚቀልዱት ትልልቆቹ ሐኪሞች ናቸው። ሁለተኛ፣ የበታች ሐኪም በስብሰባው ውስጥ በተቀመጠ የበላይ ላይ የቀለደበት አንድም ጊዜ አልተገኘም። የበታቾቹ በራሳቸው፣ በሕመምተኛ ወይም በሕመምተኛ ዘመድ ላይ ነው የሚቀልዱት። ያ ሁሉ የሆነው በስም መጠራራት ልማድ በሆነበት አገር ነው። እዚህማ ምን ያህል ይሆን?

ታዲያ የሠራተኛው ቀልድ የት ሄደ? ሰርቪስ ውስጥ ነው። ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ጠዋት ሐረጎን ሲወርድ፣ ማታ ሲወጣ መኪናው ውስጥ ያለው ጨዋታ ሌላ ነው። አለቃው እንዴት እንደሚሳል፣ እንዴት እንደሚፈርም፣ «በቀጣይ ትኩረት ተሰጥቶት ይሠራል» የሚለውን እንዴት እንደሚል ሁሉም ያስመስለዋል። አንድ ቀን የአለቃው መኪና ጋራዥ ገብታ እሱም በሰርቪሱ ቢሳፈር ጸጥ ይላል። ሾፌሩ ሬዲዮ ይከፍታል።

ይህ ዝምታ የሚያስከፍለው ነገር አለ። ቀልድ ብዙውን ጊዜ መረጃ ነው። «ያቺ ማሽን ዛሬ ደግሞ ዘፈነች» ተብሎ የተሳቀው ነገር የማሽኗን ጉድለት ይናገራል። «ሪፖርታችን ከእኛ ቀድሞ አልቋል» የሚለው ቀልድ ቁጥሩ ከወንበር ላይ እንደተሞላ ይናገራል። የሃርቫርዷ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ «ሥነ ልቦናዊ ደህንነት» የጻፉት ለዚህ ይሆናል። ቃሉ ከባድ ቢመስልም ነገሩ ቀላል ነው፦ ሰው ስህተት ቢናገር፣ ቢጠይቅ፣ ቢቃወም እንደማይዋረድ የሚያምንበት ቡድን ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ጉድለት ቶሎ ይሰማል። በሌላው ግን ጉድለቱ ሰርቪስ ውስጥ ይሳቅበታል፤ አለቃው ጋ የሚደርሰው ማሽኗ ከቆመች በኋላ ነው።

በ«እርስዎ» የሚሄድ ቀልድ

ወደ ላይ የሚወጣ ቀልድ ባህላችን ውስጥ የለም ካልን ግን ተሳስተናል። አለ፤ ግን ልብስ ለብሶ ነው የሚሄደው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት አለቃ ገብረ ሐና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። (ማዕረጋቸው «አለቃ» መሆኑ ራሱ ለዚህ ጽሑፍ የተላከ ስጦታ ነው።) ስማቸው ከተያያዘባቸው ብዙ የአፍ ጨዋታዎች አንዱ በተለያየ መልክ ይነገራል። እንግድነት ሄደው ሳሉ ከሞሰቡ አካባቢ አይጥ ያያሉ። አስተናጋጇ «ይብሉ እንጂ» ስትላቸው፣ የእርስዎ ቤት እንጀራ እኮ «አይጠገብ» ነው ብለው ይመልሳሉ። ለሰሚው ምስጋና ነው። ቆረጥ አድርጎ ላዳመጠው ደግሞ «አይጥ ገብ» ነው። ማንም አልተሰደበም። «እርስዎ» የሚለው አልተነካም። ነገሩ ግን ተነግሯል።

ሰምና ወርቅ የሚባለው ጥበብ ለባለሥልጣን እውነት የሚነገርበት የቆየ መንገድ ነው። ሰሙ ላይ ላዩ፣ ወርቁ ውስጡ ነው። አዝማሪውም ባለጠጋውን እያወደሰ የሚሸነቁጠው በዚሁ ነው። ለአለቃ ይህ ምን ማለት ነው? ሠራተኛው ሲያወድሰው ወርቁን መስማት መልመድ አለበት ማለት ነው። «ጋሼ፣ የእርስዎ ስብሰባ እኮ ጊዜው ሳይታወቅ ነው የሚሄደው» የሚል ሰው ምናልባት ምሳ ሰዓት አልፏል ማለቱ ነው።

እርግጥ ይህ መንገድ ጉድለት አለው። የሰምና ወርቅ ውበቱ ተናጋሪው «እኔ እንዲያ አላልኩም» ማለት መቻሉ ነው። አደገኛ ማሽን ላይ፣ የመድኃኒት መጠን ላይ፣ የገንዘብ ሒሳብ ላይ እንዲህ ያለ ድብብቆሽ አይሠራም። እዚያ በቅኔ ሳይሆን በግልጽ መነገር አለበት። በግልጽ መናገር የሚለምደው ግን ትንሿ ቀልድ ወጥታ፣ ተስቆባት፣ ማንም ሳይቀጣ ሲያልፍ ነው።

የሙዝ ሰዓት እና የቡና ሰዓት

ፋብሪካ ውስጥ ቀልድ ሥራ ይፈታል ወይስ ሥራ ያሠራል የሚለው የቆየ ጥያቄ ነው። ዶናልድ ሮይ የተባሉ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ መልሱን ሠራተኛ ሆነው ፈለጉት። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ገብተው ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ማሽን ላይ ቆመው ሠሩ። ሥራው ቀኑን ሙሉ ያንኑ መቁረጥ ነው። በቀን 12 ሰዓት። መጀመሪያ ላይ ሊያብዱ ደርሰው ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመሩ። ሰዎቹ ቀኑን በራሳቸው ጨዋታ ከፋፍለውታል። አንዱ ሠራተኛ በየቀኑ ሙዝ ይዞ ይመጣል። ሌላው በየቀኑ ይሰርቀውና «የሙዝ ሰዓት!» ብሎ እየጮኸ ይበላዋል። ባለ ሙዙ በየቀኑ ይቆጣል። በየቀኑም ሙዝ ያመጣል። ከዚያ የመስኮት ሰዓት አለ፤ አንዱ መስኮት ይከፍታል፣ ሌላው በረደኝ ብሎ ይጮኻል። ከውጭ ላየው የልጆች ነገር ነው። ሮይ እ.ኤ.አ. በ1959 መገባደጃ ባወጡት ጽሑፍ ግን ሰዎቹን በሥራው ላይ ያቆያቸው ይህ ነው አሉ።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ብዙ ጊዜ አይጠቀስም። ከሰዎቹ አንዱ ሴት ልጁን ለአንድ ፕሮፌሰር ልጅ ድሮ ነበር። ኩራቱ ነው። ስለ ፕሮፌሰሩ ሲወራ ሌሎቹም ያከብሩታል። አንድ ቀን «ያ ፕሮፌሰር የሚያስተምረው እኮ የፀጉር አስተካካዮች ትምህርት ቤት ነው» የሚል ቀልድ ተወረወረ። ሰውየው ፊቱን አዞረ። የሙዙ ሰዓት ቀረ። መስኮቱም ቀረ። ቡድኑ ለቀናት ተኮራርፎ ሠራ። በሙዙ ለወራት የተሳቀበት ሰው አልተከፋም፤ በልጁ ጋብቻ የተነካው ግን አልቻለም። ወሎ ውስጥ በአማች መቀለድ ምን እንደሚያመጣ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቆዳው አለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። የልብስ ስፌት መስመር ላይ ሥራው በደቂቃ ይቆጠራል። አንዷ እጅጌ ትሰፋለች፤ ቀጣይዋ ኮሌታ። አንዷ ብትዘገይ መስመሩ ይዘገያል። እዚያ «ሳቅ ቀንሱ» የሚል ሱፐርቫይዘር ምክንያት የለውም ማለት አይቻልም። ግን ሳቁን ሲቀንስ የሚቀንሰው ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። በፋብሪካ መስመር ላይ ከባዱ ጠላት ድካም ብቻ አይደለም። መሰላቸትም ነው። የተሰላቸ ሠራተኛ ይሳሳታል፤ ይቀራል፤ ሥራ ይለቃል።

የእኛ «የሙዝ ሰዓት» ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ረከቦቱ ፊት ማዕረግ ትንሽ ዝቅ ይላል። ቡና የምታፈላዋ ሴት ኃላፊውን «ዛሬማ ፊትዎ ጠቁሯል፣ ስኳር ልጨምር?» ልትለው ትችላለች፤ ማንም አይደነግጥም። ያንኑ አረፍተ ነገር የፋይናንስ ሠራተኛዋ በስብሰባ ላይ ብትለው ግን ይገርማል። ቦታው ነው ፈቃዱን የሚሰጠው። መሥሪያ ቤቶች ወጪ ሲቀንሱ መጀመሪያ የሚቀንሱት የቡናውን ሰዓት ከሆነ፣ ያጠፉት አንድ ሲኒ ቡና ብቻ አይደለም።

ፓርኩ ውስጥ ሌላ ጣጣም አለ፤ ቋንቋ። የውጭ አገር ሱፐርቫይዘርና የወሎ ልጅ በአስተርጓሚ ሲነጋገሩ ትእዛዝ ይተረጎማል። ቀልድ አይተረጎምም። ሠራተኞች እርስ በርስ ሲስቁ ሱፐርቫይዘሩ በእሱ እንደሳቁ ያስባል። አንዳንዴ ልክ ነው።

ለአለቃው ምን ያስገኛል? ምን ያስከፍላል?

የቀልድ ደጋፊዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ፣ መልካም ቀልድ ያለበት አለቃ ባለበት ቦታ የሠራተኛው እርካታና የቡድኑ መተሳሰር ከፍ ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል። ግን ተያይዞ መታየት ምክንያት መሆን አይደለም። ሥራው የተሳካለት ቡድን አለቃም ሊቀልድ ይችላል። ደመወዝ በጊዜው በሚከፈልበት ቤት ሁሉም ይስቃል።

ተቃዋሚዎቹም ማስረጃ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሦስት ተመራማሪዎች ቀልድ የተናጋሪውን ክብር ከፍም ዝቅም እንደሚያደርግ አሳዩ። ያሳቀና ከቦታው ጋር የሄደ ቀልድ ሰውየውን በራሱ የሚተማመንና ችሎታ ያለው ያስመስለዋል። ከቦታው ጋር ያልሄደው ግን ድፍረቱን ያሳይና ችሎታውን ያስጠረጥራል። «አይናፋርስ አይደለም፤ ግን ያውቃል?» ያሰኛል። ያ «የሚቀልድ አለቃ ይናቃል» የሚለው ወሬ ስለዚህኛው ነው የሚያወራው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። የአለቃ ቀልድ ሠራተኛውን ለሥራ ያነቃዋል፤ በዚያው ልክ ደንብ መጣስ ምንም አይደለም የሚል ምልክትም ይሰጣል። በተለይ አለቃው በሰው ላይ የሚቀልድ ከሆነ ሠራተኛው ሥርዓት መጣሱን ይለማመዳል። ቀልድ ሁልጊዜ ትንሽ ድንበር መጣስ አለው። አለቃ የጣሰው ድንበር ለሌላው በር ነው። አለቃው በጽዳት ሠራተኛዋ አነጋገር ከቀለደ፣ በሳምንቱ ቢሮው ሁሉ ሙድ ይይዝባታል።

ቀልድ ሲከብድ

ጊዜው ራሱ ቀልድን ያከብደዋል። ሁለቱ ከተሞች በጥቅምትና ኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መሐል ነበሩ። ፋብሪካዎች፣ ጤና ተቋማት፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ጉዳት ደርሶባቸዋል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ዕድል፣ ተሰረዘች። ለውጭ ገበያ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ተጎዱ። ከዚያ ኑሮው ተወደደ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የነበሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይቀልዳሉ። መራራ ቀልድ ነው፤ ይተነፍሱበታል። «አብሽር» ይባባሉና ይስቃሉ። ከውጭ የመጣ ወይም ያኔ አዲስ አበባ የነበረ አለቃ ግን ያንን ቀልድ ተበድሮ ሲጠቀም ሌላ ይሆናል። የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ስለ ኑሮ ውድነትም ያው ነው። ሠራተኛው «ደመወዜ ከእኔ ጋር ለሦስት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው» ሲል ይሳቃል። አለቃው የመሥሪያ ቤቱ መኪና ውስጥ ሆኖ ይህንኑ ሲል አይሳቅም። ይሳቃል እንጂ ከጥርስ ነው።

በሃይማኖትና በብሔር መቀለድ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሙስሊምና ክርስቲያን ተጋብቶ በሚኖርበት ወሎ ጎረቤታሞች በጾምና በሥጋ ይተራረባሉ፤ ዘመን ያፈራው ፈቃድ አላቸው። አለቃ ያ ፈቃድ የለውም።

የፆታ ነገር ግን ሕግ ያለበት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ትንኮሳ በአካል ብቻ አይደለም፤ በንግግርና በምልክትም ይፈጸማል። የተተነኮሰች ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችላለች። የአዋጁ ትርጉም ያተኮረው ያለ ፈቃድ ለወሲብ መጎትጎት ላይ ስለሆነ፣ ተራ የብልግና ቀልድ በዚያ ይገባል ወይ የሚለው ሊያከራክር ይችላል። «እኔ እኮ ቀልዴን ነው» የሚለው መከላከያ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው። ቀልድ መሆኑን የሚወስነው ግን ተናጋሪው ብቻ ከሆነ፣ ማንኛውም ነገር ቀልድ ሊሆን ነው።

ታዲያ አለቃው ምን ያድርግ?

መጀመሪያ፣ ተፈጥሮው ቀልደኛ ያልሆነ ሰው ቀልደኛ ለመሆን አይድከም። ከቴሌግራም የተቀዳ ቀልድ ስብሰባ ላይ ሲነበብ ማየት ያሳዝናል። የተወደዱ ኮስታራ አለቆች ብዙ አሉ። የሚጠበቀው ሌላው ሲስቅ ፊት አለማጥቆር ነው።

በራስ መቀለድ ከሌሎቹ ይሻላል፤ አጥሩን ዝቅ ያደርጋል። ልኬት ግን አለው። ሰዓት አክባሪ አለመሆኑን፣ መላጣውን፣ የኮምፒውተር ነገር እንደማይገባው ቢቀልድበት ጉዳት የለውም። የሒሳብ ክፍል ኃላፊ «እኔ እኮ ቁጥር አይገባኝም» ብሎ ቢቀልድ ግን ማንም አይዝናናም። ይደነግጣል። ከመጥፎ ዜና በፊትም ቀልድ አይቀድምም። ቅነሳ ወይም ዝውውር ሊያወራ የመጣ ሰው መጀመሪያ ቢያስቅ፣ ከዚያ ወዲህ ሲያስቅ ሁሉም ይፈራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው አንድ ደቂቃ ነው። ያ ደቂቃ የሚመጣው ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በአለቃው ላይ ሲቀልድ ነው። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሁሉም ቀልደኛውን ሳይሆን አለቃውን ያያል። ከልቡ ከሳቀ፣ ወይም መልሶ በዚያው ልክ ከተረበ፣ ያ ቡድን የሐይቅ ጉዞ ሳያስፈልገው ተገንብቷል። «እሺ፣ ወደ ሥራችን» ካለ፣ ምንም ቁጣ ባይኖርም፣ ሁለተኛ ቀልድ አይመጣም። ማታ ሐረጎን ሲወጡ ሰርቪሱ ውስጥ ግን የአለቃው «እሺ፣ ወደ ሥራችን» በድምፁ፣ በአንገቱ አዟዟር ሳይቀር ይደገማል። ከኋላ ወንበር ያለው ሰው «እንደገና!» ይላል።